«ቀጭ» ካለ በኋላ፦ የተሰበረ የማኒፎልድ ስታድ ቴስታታው ሳይበላሽ እንዴት ይወጣል

ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ዳዶው እንቢ ይላል፣ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ትንሽ እሺ ያለ ይመስልና ቁልፉ እጃችሁ ላይ ድንገት ይላላል። ቀጭ። ቁልፉ ውስጥ ዳዶው አለ፣ ዳዶው ውስጥ ደግሞ ግማሽ ስታድ። ሌላው ግማሽ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። ስታድ የምለው ራስ የሌለውን፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለውን ብሎን ነው፤ አንዱ ጫፍ ሞተሩ ውስጥ ይቀበራል፣ በሌላው ላይ ዳዶ ይጠብቃል።

እኔ ላይ የደረሰው ደሴ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ግቢዬ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር ነው። አሮጊቷ ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሳ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ትላለች፣ ስትሞቅ ዝም ትላለች። ይህ የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ) ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) እንደሚያስተነፍስ የሚያሳይ የታወቀ ምልክት ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ይዘጋዋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍተዋል። ጓርኒሲዮኑን ልቀይር ገባሁ፣ የመጨረሻው ዳዶ ላይ ስታዱ ተሰበረ። እልህ ያዘኝ። ድሪል አነሳሁ፣ በዓይን ግምት በሳሁ፣ ፑንታው፣ ማለትም የድሪሉ መብሻ፣ ከብረቱ ተንሸራቶ አልሙኒየሙን ቆረጠ፤ በዚያው ሞቅታ የተሰበረ ብሎን ማውጫ አስገብቼ ሳዞር እሱም እዚያው ውስጥ ተሰበረ። በማግስቱ ቴስታታውን፣ ስታዱ የተቀበረበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ አስፈትቼ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው አገላብጦ አየውና «አንተ ልጅ፣ ስታዱ መሰበሩስ ይሁን፤ ይሄን ሌላውን ማን አዘዘህ?» አለኝ። ስታዱ ሲሰበር ያጣሁት የጣት ጫፍ የምታክል ብረት ነበር። ቴስታታ ያስፈታኝ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት የሠራሁት ሥራ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተደረደረው በአንድ ሐሳብ ነው፦ ያሁኑ ሙከራ ቢከሽፍ ቀጣዩን የማይዘጋ መሆን አለበት። ዘይት መንከር ምንም አይዘጋም። ማሞቅም እንዲሁ። ዳዶ መበየድ ቢከሽፍ ደግሞ ይበየዳል። መብሳት ግን አንድ ዕድል ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ከመሃል ከወጣ ወጣ። ውስጥ የተሰበረ ማውጫ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይዘጋል።

 አንዱ ጫፍ ሞተሩ ውስጥ ይቀበራል፣ በሌላው ላይ ዳዶ ይጠብቃል።

ከመሰበሩ በፊት

ይህን የምታነቡት ስታዱ ሳይሰበር ከሆነ ዕድለኛ ናችሁና ይህችን ክፍል አትዝለሏት።

ሥራውን ከማታው ጀምሩ። ሞተሩ ለብ ሲል፣ ሳይፋጅ፣ ከዳዶው ውጭ የሚታየውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ። ዳዶው ሲፈታ የሚያልፈው በዚህ በዛገ ጥርስ ላይ ነው፤ ብዙ ስታድ የሚሰበረውም ሥሩ ስለያዘ ሳይሆን ዳዶው ዝገቱ ላይ ስለሚነክስ ነው። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ አጠጡት። ደብሊው ዲ 40 ካላችሁ መልካም፤ እኔ የምጠቀመው ግን ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ከአሴቶን ጋር ቀላቅዬ ነው። ሁለቱ ስለማይዋሃዱ ከእያንዳንዱ ጠብታ በፊት ጠርሙሱን መነቅነቅ ያስፈልጋል። አሴቶን እንደ ቤንዚን ስለሚቀጣጠል በጋለ ሞተር ላይ ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብ አይነካም። ይህም ከሌለ ላምባ ይሁን። የሞተር ዘይት ግን ወፍራም ስለሆነ ጥርሱ ውስጥ አይሰርግም። ሌሊቱን አሳድሩት፤ ጠዋት አንዴ ድገሙት።

ስትፈቱ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዘውን የቁልፍ ጫፍ፣ ተጠቀሙ፤ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው የዛገ ዳዶ ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ለመፍታት ሳይሆን ለማጥበቅ አንድ ፀጉር ያህል ግፉት። ያ ትንሽ እንቅስቃሴ የዝገቱን ቅርፊት ይሰብረዋል። ከዚያ ወደ መፍታት ሩብ ዙር፣ መልሶ ማጥበቅ፣ ደግሞ መፍታት።

እጃችሁ የሚነግራችሁን ስሙ። የሚፈታ ዳዶ ይጮኻል፣ ይንጫጫል። ሊሰበር የተቃረበ ስታድ ግን ዝም ብሎ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ቁልፉ ይዞራል፣ ዳዶው ግን ሲለቅ አይሰማም። እዚያ ላይ አቁሙ። ዳዶውን በትንሽ ግራይንደር ወይም በመጋዝ ጎኑን ሰንጥቃችሁ በስካርፔሎ (በመሮ) ክፈቱት። ዳዶ የትም ይገኛል። ስታዱ ከነዳዶው ሙሉውን ተፈትቶ ከወጣም አትደንግጡ፣ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት የዳርና የዳር ስታዶች ናቸው። ማኒፎልዱ ሲግል በርዝመቱ ይለጠጣል፤ መሃሉ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ጫፎቹ ግን በየቀኑ ስታዶቻቸውን ወደ ጎን ይገፏቸዋል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት በኩል ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ማኒፎልዱን ምን ያህል እንደሚያግለው አስቡት፤ ዳገቱ ሲያልቅ ደግሞ የክረምቱ ጉምና ዝናብ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከፍተኛውን ትዕግስት ለጫፎቹ አስቀምጡ።

ተሰበረ። ቁልፉን አስቀምጡት

መጀመሪያ ቡና ጠጡ። ቀልድ አይደለም፤ የኔ ኪሳራ የተጀመረው ከስብራቱ በኋላ ባለችው አንደኛዋ ደቂቃ ነው።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። መኪናው ጠፍጣፋ መሬት ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ደሴ ውስጥ ጠፍጣፋ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ስለሆነ ጎማውን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያዙት። ከስር መግባት ካለባችሁ መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይደለም፣ ካቫሌቶ፣ ማለትም የብረት መደገፊያ፣ ላይ ተቀምጦ ነው። የቀሩትን ዳዶዎች ፈትታችሁ ማኒፎልዱን አውርዱ፣ ግን አትጣሉት፤ ኋላ ለመብሳት መሪ ሆኖ ያገለግላችኋል። የተከፈቱትን የጭስ ቀዳዳዎች በንጹህ ጨርቅ ድፈኑና ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁ ቁጠሩ። እኔ ግድግዳው ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ።

ከዚያ ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ስታዱ የተቀበረበት ምንድን ነው? ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አልሙኒየም። ለማሞቅም ለመብሳትም ይህ ወሳኝ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ስታድ በሁለት ዳዶ አጣምራችሁ ፍቱት፦ ሁለት ዳዶ አስገቡ፣ አንዱን በሌላው ላይ አጥብቁ፣ ከዚያ የውስጠኛውን ዳዶ በቁልፍ ፍቱት፤ ስታዱ አብሮት ይዞራል። እንዲህ ያወጣችሁትን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩት። ውፍረቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤም 8 ነው፣ ብዙ ጊዜም የጥርሱ እርምጃ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት፣ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤም 10 ነው፤ እሱ ግን 1.25ም 1.5ም ስላለው አትገምቱ፣ ጥርስ መለኪያ ፈልጉ ወይም ስታዱን ይዛችሁ ዕቃ መሸጫ ሂዱ። ስንት ሚሊ ሜትር ሞተሩ ውስጥ ተቀብሮ እንደነበርም ጻፉ። ከዚያ በላይ ጠልቆ መብሳት ውሃ ወደሚዞርበት ክፍል ሊያስገባችሁ ይችላል። አንዳንድ ስታድ እንዲያውም በራሱ እስከዚያ ድረስ ይገባል፤ ሲወጣ ውሃ ከተከተለው ራዲያተሩን እስከሚፈለገው ድረስ አጉድሉ። ይህን የምታደርጉት ሞተሩ በርዶ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የራዲያተር ክዳን ሲከፈት ግፊቱ ይለቃልና «ብዙም አልጋለም» ያላችሁት ውሃ ፊታችሁ ላይ ይፈላል።

ሦስተኛ፣ የተሰበረው ምን ያህል ወጥቶ ይታያል? ቀጣዩ መንገዳችሁ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ጉቶው ወጥቶ ከታየ

አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከወጣ ነገሩ ቀላል ነው፣ አብሽሩ። ጥርሱ ከተረፈ ከላይ እንዳልኩት ሁለት ዳዶ አጣምሩ። ካልተረፈ የሚቆልፍ ፒንሳ፣ ቫይስ ግሪፕ የሚሉትን፣ እስኪያንገራግር ድረስ አጥብቃችሁ ያዙበት። ተራ ፒንሳ ይንሸራተታል፣ ጉቶውንም ያጎብጠዋል።

ከማዞራችሁ በፊት ጉቶውን በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ምቱት። ከጎን አይደለም፣ ወደ ውስጥ። ጥርስ ለጥርስ የተጣበቀው ዝገት በዚህ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ እሳት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። አልሙኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ስታዱን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አልሙኒየም አሙቁ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ብረቱን ይለቀዋል። ግን አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ታዩታላችሁ፤ አልሙኒየም መልኩን ሳይለውጥ ድንገት ይፈስሳል። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የሞተር ቴስታታ የሚሠራበት ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በፊት። የኦክስጅን ብየዳ ነበልባል እዚህ ቦታ የለውም። ትንሽ የጋዝ ነበልባል በቂ ነው፣ እሱንም እያሽከረከራችሁ፤ ጠብ ያለ ውሃ ወዲያው «ጭስ» ብሎ ከጠፋ በቂ ሙቀት ነው። ቤቱ፣ ማለትም ስታዱ የተቀበረበት፣ ብረት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጉቶውን ራሱን አግሉትና ይቀዝቅዝ፤ ሲሰፋና ሲኮማተር ዝገቱን ይሰብራል። በሁለቱም በኩል የቤንዚን ቱቦና ያጠጣችሁት አሴቶን በአቅራቢያው አለመኖሩን እዩ።

ከዚያ ጧፍ። ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ የሰም ጧፍ ከብዙ ቤት አይጠፋም፣ ሻማም ይሆናል። የጋለውን ጉቶ ሥር በሰሙ ንኩት። ሰሙ ይቀልጥና በጥርሱ መሃል ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ዘይት በሙቀት ተቃጥሎ በሚጨስበት ቦታ ሰም ሰርጎ ይገባል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ስቄ ነበር።

ለብ ሲል አዙሩ። ወደ ማጥበቅ ትንሽ፣ ወደ መፍታት ትንሽ። እንቅስቃሴ ከተገኘ ጨርሳችኋል ማለት ነው፤ ብቻ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው አትበሉ። ሩብ ዙር፣ ዘይት፣ መመለስ። ሃያ ደቂቃ ይፈጅ።

ጉቶው ከገጹ እኩል ከሆነ ወይም ትንሽ ከገባ

እዚህ የኔ ምርጫ ያለማመንታት ብየዳ ነው። ብዙ ሰው ብየዳን ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ከመብሳት አስቀድመዋለሁ፣ ምክንያቱም ቢከሽፍ የሚያበላሸው ነገር የለም። የብረት ኤሌክትሮድ ከአልሙኒየም ጋር አይዋሃድም፤ ጉቶውን ይይዛል፣ ቤቱን ይተዋል። ቤቱ ራሱ ብረት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ ሊበየድ ይችላል።

ማኒፎልዱ የወረደ መኪና ወደ ብየዳ ቤት አይነዳም፣ ስለዚህ በያጁ ነው የሚመጣው። ትንሿን ኢንቨርተር ማሽን ይዞ ግቢ ድረስ የሚመጣ ፈልጉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ከኛ ይሻላችኋል፤ ከተማው የፋብሪካ ስለሆነ እጁ የተፈታ በያጅና ቶርኖ ቤት እንደ ልብ ነው። ግን ሥራውን የምታዙት እናንተ ናችሁ፤ ብዙ በያጅ በርና መስኮት እንጂ ስታድ አላወጣም። ይህን ንገሩት፦

የማሽኑን ኔጌቲቭ መቆንጠጫ ሞተሩ ላይ፣ ለጉቶው ቅርብ ቦታ ያስቀምጥ፤ ቦዲው ላይ ካስቀመጠው ኤሌክትሪኩ በማይሆን መንገድ ያልፋል። ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩን። መጀመሪያ ጉቶው ላይ ብቻ በትንሽ በትንሹ እየነካ ወደ ላይ ያሳድገው፣ ከገጹ ከፍ እስኪል። ከዚያ ቀዳዳው ከጉቶው የማይጠብብ ዳዶ ያስቀምጥና በዳዶው ውስጥ በኩል ይሙላው። ብየዳው የሚይዘው በመሃል ነው፤ ዳዶውን ከውጭ ዙሪያውን መበየድ ከንቱ ነው። ዚንክ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ዳዶ ከሆነ ሽፋኑን በሞረድ አንሱ፣ ጭሱ ደረት ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ አትለፉት። ጉቶውን በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ካጸዳችሁት ጣሳው ላይ ክሎሪን ያለበት መሆን አለመሆኑን አንብቡ። ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ በብየዳ ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በጥርጣሬ ከሆናችሁ በአሴቶን አጽዱና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ብየዳው እንዳለቀ ቁልፍ አትስደዱ። ቅላቱ ይጥፋ፣ በሰሙ ንኩት፣ እጅ ለማስጠጋት እስኪቻል ይቀዝቅዝ። ከዚያ በቁልፍ ወዲያና ወዲህ። ዳዶው ተገንጥሎ ቢወጣ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይበየዳል። እያንዳንዱ ሙከራ ጉቶውን አንድ ጊዜ ጨምሮ ያግለዋል፣ የሚፈታውም ብዙ ጊዜ ዳዶው ስለያዘ ሳይሆን ይህ ሙቀት ስለሠራ ነው። የኔ በሁለተኛው ጊዜ፣ ከዓመት በኋላ በሌላ ስታድ ላይ፣ በሦስተኛው ዳዶ ወጣ። በመሃል መብራት ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ጠብቀናል።

ጠልቆ ከቀረ፦ መብሳት

ወደዚህ የምትደርሱት ብየዳው ካልያዘ ወይም ጉቶው በያጅ ከማይደርስበት ጥልቀት ከተሰበረ ነው። ዋናው ሥራ መብሳቱ አይደለም፣ መሃሉን ማግኘቱ ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ዙሪያው ያለው አልሙኒየም ለስላሳ፤ ፑንታ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ለስላሳው ይሸሻል። የተሰበረው ገጽ ወጣ ገባ ከሆነ ይባስ።

ስለዚህ በባዶ እጅ አትብሱ። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ መሪ አሠሩ፦ ውጪው ማኒፎልዱ ላይ ካለው የስታድ ቀዳዳ ልክ የሚገባ፣ መሃሉ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የብረት ቱቦ። ለባለ ቶርኖው ትንሽ ሥራ ነው። ማኒፎልዱን ያለ ጓርኒሲዮን በቦታው መልሳችሁ በተረፉት ስታዶች እሰሩት፣ ቱቦውን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፣ በባለ 4 ሚሊ ሜትር ፑንታ በቱቦው ውስጥ ብሱ። ማኒፎልዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከስታዱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል በቀሩት ስታዶች ላይ እኩል ማዕከል መያዙን እያያችሁ አጥብቁ። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ያንን ቴስታታ አላስፈታም ነበር።

ፑንታው አዲስ ይሁን። ጥልቀቱን በፕላስተር አስሩበት፦ ቅድም ከለካችሁት የተቀበረ ርዝመት ላይ አልቆ እንዲታይ። ድሪሉን በዝግታ አሽከርክሩ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ በየጥቂቱ እያወጣችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ። ረጅም የሚጠቀለል ፍርፋሪ ከወጣ ጥሩ እየቆረጠ ነው፤ ዱቄት ከወጣና ከጮኸ ፑንታው ደንዝዟል፣ አቁሙ። መነጽር አድርጉ፤ የብረት ፍርፋሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ በእጅ ሳትነካኩ ሐኪም ቤት።

በግራ የሚቆርጥ ፑንታ የሚባል አለ። ድሪሉ ወደ መፍቻው አቅጣጫ እየዞረ ስለሚበሳ አንዳንዴ ጉቶው ራሱ ፑንታው ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል። እኛ ዘንድ እምብዛም አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ አስልኩት።

ቀዳዳው መሃል ከያዘ ለኤም 8 ቀስ በቀስ 5፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 6.5 ሚሊ ሜትር አድርሱት። በዚህ ጊዜ የቀረው ቀጭን የብረት ቅርፊት ነው። ብዙ ጊዜ በሹል ነገር አንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ እንደ ሽቦ እየተጠቀለለ ይወጣል። ካልወጣ በባለ 6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስፍታችሁ በኤም 8 ታፕ፣ ጥርስ በሚያወጣው መሣሪያ፣ የቤቱን ጥርስ ተከትላችሁ አጽዱት። ታፑን ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ በዘይት። እሱም ከተሰበረ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ማውጫው

ብሎን ማውጫ የሚሉት፣ እንደ ካሮት እየቀጠነ የሚሄድ የግራ ጥርስ ያለው መሣሪያ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ፑንታ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ስም አላቸው፤ የጋራዥ ቋንቋችን ከእነሱ የወረስነው ነውና። ለዚህኛው ግን እያንዳንዱ ሱቅ የየራሱ ስም አለው፣ ስለዚህ ስትገዙ ሥዕሉን አሳዩ። ወይም አትግዙት።

ምክንያቴ ይህ ነው። ስታዱ ሙሉ ቁልፍ ተይዞበት በሙሉ ውፍረቱ ሲዞር ያልፈታውን ዝገት፣ በውስጡ ባለች ትንሽ ቀዳዳ የሚገባ ቀጭን መሣሪያ እንዴት ይፈታዋል? ሾጣጣ ስለሆነም ሲጠብቅ ጉቶውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋውና ይበልጥ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። የሚሠራው በጣም ጠንካራ ከሆነ ብረት ነው፤ ጠንካራ ማለት ደግሞ ሳይታጠፍ የሚሰበር ማለት ነው። ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ማውጫ የሚያዋጣው ዳዶው በዝቶ ጠብቆ ለተሰበረ፣ ሥሩ ግን ላልዛገ ስታድ ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ቀዳዳው ሲበሳ ራሱ መዞር ይጀምራል። በዓመታት ሙቀትና ዝገት ለተያዘ የማኒፎልድ ስታድ እኔ አልነካውም።

ጥርሱ ከተበላሸ

ፑንታ ሾልኮ የቤቱን ጥርስ ከበላ ሄሊኮይል የሚባል የሽቦ ጥርስ አለ። ለኤም 8 ቀዳዳው ወደ 8.3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ከስብስቡ ጋር በሚመጣው ልዩ ታፕ ጥርስ ይወጣል፣ ሽቦው ይገባበታል። አልሙኒየም ላይ ሲሠራ ከመጀመሪያው ጥርስ የሚያንስ አይደለም። ስታዱን በትልቅ መጠን መተካትን ግን አልወደውም፤ ማኒፎልዱንም መብሳት ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የሚሠራውም ሰው ይረግማችኋል።

ቀዳዳው ከመሃል ብዙ ርቆ ከተበሳ ወይም ውስጡ መሣሪያ ከተሰበረ በቃ፣ ቴስታታው ይፈታና ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ተነጋገሩ።

መመለስ

የሁሉንም ስታድ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። አንዱ ከተሰበረ ሌሎቹም ያንኑ ዕድሜና ያንኑ ሙቀት ያዩ ናቸውና፣ በሁለት ዳዶ በቀላሉ የሚወጡትን አውጥታችሁ በአዲስ ተኩ። እንቢ ያለውን ግን ተዉት፣ የሞተ ጠላት አትቀስቅሱ። አዲሶቹን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ጥቂት ብቻ ጠበቅ አድርጉ። መዳብ ወይም ግራፋይት ያለበት ሙቀት የሚችል ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ውሃ ወዳለበት ክፍል ለሚገባ ስታድ ደግሞ በቅባቱ ፈንታ ውሃ የሚዘጋ የጥርስ ማሸጊያ።

የማኒፎልዱ ገጽ ቀጥ ማለቱን በብረት ማስመሪያ እዩ። ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ያስተካክለዋል፤ የተጣመመውን በግድ አጥብቃችሁ ማስተኛት ቀጣዩን ስታድ መስበር ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገቡ፣ ዳዶዎቹን በእጅ ይዛችሁ ከመሃል ወደ ዳር ሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። የመኪናችሁ መጽሐፍ የሚለውን የማጥበቂያ ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቅ ኃይሉን በሚለካው) ተከተሉ። ቅባት የተቀባ ጥርስ በተመሳሳይ ልክ ይበልጥ ስለሚጠብቅ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

መንገድ ላይ የሚሰበረው የጎማ ስታድ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውጭ ነው። እሱ ጥርስ ለጥርስ አልተያዘም፣ ከኋላ በግፊት የገባ ነው። ጎማውንና የፍሬኑን ዲስክ ወይም ከበሮ አውርዳችሁ በመዶሻ ወደ ኋላ ትመቱታላችሁ፣ ይወድቃል። አዲሱን ከኋላ አስገብታችሁ ከፊት ጥቂት የብረት ቀለበትና አንድ ዳዶ በማስገባት እየጠበቀ ይሳባል። ብዙ የቶዮታ የቤት መኪና ኤም 12፣ እርምጃው 1.5 ነው። አንድ ስታድ በጎደለው ጎማ ሐረጎን መውረድ ግን አልመክርም።

ማኒፎልዱን ስትጨርሱ ጨርቆቹን ቆጥራችሁ አውጡ። ሞተሩን በቀዝቃዛነቱ አስነሱና በመጋጠሚያው ዙሪያ እጅ ሳታስጠጉ አዳምጡ። የጭስ ፍንጣቂ ጫጫታ ብቻ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ወደ ውስጥ ከገባ መስኮት ዘግቶ የሚጓዘውን ቤተሰብ ያስተኛል። ዝም ካለች ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ተመለሱ። ሌሊቱን ትደር። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ በቀዝቃዛው፣ ከመሃል ጀምራችሁ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ፤ የላላ ካለ አዲሱ ጓርኒሲዮን ቦታውን ይዞ ነው።